ለአሮጌ ስፖርት መኪና የሚመች ወንበር ስለ መምረጥ

ሰው አውቶሞቢል ሲገዛ ስለ ሞተሩ ይጠይቃል፤ ስለ ጎማው ይጠይቃል፤ ቀለሙንም ዙሪያውን እየዞረ ይመለከታል። ስለ ወንበሩ ግን የሚጠይቀው ወገቡን ካመመው በኋላ ነው። ይህ ልማድ በአገራችንም በጎረቤት አገርም ያው መሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ በቱነይድባ ሳለሁ በዓይኔ ያየሁትን የአንዲት አሮጌ ስፖርት መኪና ወንበር ነገር ለአንባቢዎች ልጽፍ ወደድሁ።

ቱነይድባ በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ግዛት የሚገኝ፣ ከገዳሪፍ ከተማ ከመቶ ኪሎሜትር በላይ የራቀ ሰፈር ነው። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ድንበር ተሻግረን የወጣን ሰዎች የምንጠለልበት እንዲሆን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ተከፈተ። ምድሩ ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ደግሞ ሰውን ተዉትና ትራክተርን ይዞ ያስቀራል። ዙሪያው ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት፣ ዓይን የሚያርፍበት ኮረብታ የሌለው ሜዳ ነው። የሜዳውን ነገር የጠቀስሁት እንዲያው ለጨዋታ አይደለም፤ ኋላ ከወንበሩ ጉዳይ ጋር ይገናኛልና አንባቢ ይያዝልኝ።

እኔ ከመሰደዴ በፊት በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርሁ፤ ዛሬም ወደ መንግሥት ሥራ ተመልሻለሁ። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው። አማርኛንና እንግሊዝኛን የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ የእንጨት ሥራ ያስተምሩን ስለ ነበረ ወንበር እንዴት እንደሚለካ በልጅነቴ አወቅሁ። የወንበር ከፍታ ከተረከዝ እስከ ጉልበት መታጠፊያ ካለው ቁመት እንዳይበልጥ፣ የመቀመጫውም ጫፍ ከጉልበት ጀርባ ሁለት ጣት ያህል እንዲርቅ የሚለው ትምህርት እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። በቱነይድባ ዐረብኛ መናገር ከለመድሁ በኋላ ሰዎች ለአስተርጓሚነት ይጠሩኝ ጀመር። ብዙ ጊዜ ከሚጠሩኝ አንዱ በገበያው መንገድ ዳር በሸራ ጥላ ሥር የሚሠሩ ወንበር ሰፊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስልሳ ዓመት ያለፈ ስለ ሆነ ሁላችን «አያ» እንላቸዋለን፤ ይህ በትግርኛ ለታላቅ ወንድም የሚሰጥ የአክብሮት ስም ነው። አያ በአገራቸው ሳሉ የአውቶቡስ ወንበር ሲሰፉ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ሲሰደዱ ይዘውት የወጡት ሀብት አንድ ወስፌ፣ ሦስት ወፋፍራም መርፌና አንድ መቀስ ነበር።

በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. አንድ ሽማግሌ የሱዳን ሐኪም ከባለቤታቸውና ከወንድማቸው ልጅ ጋር ወደ አያ ጥላ መጡ። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. በካርቱም በተነሣ ጊዜ ቤታቸውን ጥለው ወደ ወድ መደኒ ወጥተው ነበር፤ ወድ መደኒም በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. በተያዘች ጊዜ ወደ ገዳሪፍ ሸሹ፤ ከዚያም በአቅራቢያችን ባለ መንደር ከዘመድ ቤት ተጠጉ። የአገሩ ባለቤት ተሰድዶ ወደ ስደተኛ ሰፈር ሲመጣ ማየት እንግዳ ነገር ነው። ከንብረታቸው ሁሉ የተረፈቻቸው፣ በወጣትነታቸው በእንግሊዝ አገር ሕክምና ሲማሩ ገዝተው በመርከብ ያመጧት መኪና ብቻ ነበረች።

መኪናዪቱ ኤም.ጂ.ቢ. ጂ.ቲ. የምትባል ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። ይህ ዓይነት ከ1965 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በአቢንግደን ከተማ ይሠራ የነበረ ሲሆን፣ የጣሪያውን ቅርጽ በማውጣት የኢጣልያው የፒኒንፋሪና ቤት ረድቷል። ወለሏ ለምድር የቀረበ፣ ጣሪያዋም ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ሰው ወደ ውስጥ የሚገባው እንደ መቀመጥ ሳይሆን እንደ መውረድ ነው። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ሱዳን እንደ እንግሊዝ በግራ ይነዳ ነበር። ሱዳን ወደ ቀኝ የዞረችው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ኢትዮጵያ ግን አስቀድማ በሰኔ ወር 1956 ዓ.ም. ዞራለች። ስለዚህ በዚህች መኪና ከነጂው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ዛሬ የሚወጣውና የሚገባው በጥርጊያው መካከል በኩል፣ የጭነት መኪና በሚያልፍበት ወገን ነው። ይህንንም አንባቢ ይያዝልኝ።

ወንበሮቿ ለየብቻቸው የቆሙና የሰውን ጎን በጥቂቱ የሚያቅፉ ናቸው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን «የባልዲ ወንበር» ይሉታል፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ የሚያስቅ ቢመስልም ቅርጹን ግን ይገልጠዋል። ከሐምሳ ዓመት በኋላ እነዚህ ባልዲዎች ታችኛቸው አልቆ ነበር። ሰው ሲቀመጥባቸው እንደ ጉድጓድ ይውጡታል።

ሐኪሙ ወንበር የፈለጉት ለራሳቸው አልነበረም። ባለቤታቸውን በሱዳን ልማድ «ሐጃ» እንላቸው ነበር፤ ሐጃ ከወገባቸው እስከ ቀኝ እግራቸው የሚወርድ ሕመም ነበረባቸው። ልጃቸው በጂዳ ስለምትኖር ወደ እርስዋ ሄደው እንዲታከሙ ተቈርጦ ነበር። አውሮፕላኑ የሚነሣው ከፖርት ሱዳን ነው። ከገዳሪፍ በከሰላ በኩል እስከዚያ ድረስ ከሰባት መቶ ኪሎሜትር በላይ መንገድ አለ። በአውቶቡስ እንዳይሄዱ፣ አውቶቡስ ለአንድ በሽተኛ ብሎ በየሰዓቱ አይቆምም። ክረምቱም ሳይገባ መነሣት ያስፈልጋል፤ መረሬው አንድ ጊዜ ከረጠበ ያች ዝቅተኛ መኪና ከመንደሩ አትወጣምና።

የሐኪሙ የወንድም ልጅ መኪና የሚወድ ጐልማሳ ነው። እርሱ አስቀድሞ ሁለት የእሽቅድምድም ወንበር በገዳሪፍ ገበያ ገዝቶ አምጥቶ ነበር። ቀይና ጥቁር ናቸው፤ ጎናቸው እንደ ክንፍ ተነሥቶ ትከሻን ይይዛል፤ ሲያዩአቸው መኪናዪቱ ገና ሳትነሣ የምትበር ይመስላሉ። ሬካሮ የተባለው የጀርመን ወንበር ሠሪ ቤት በ1965 እ.ኤ.አ. በፍራንክፈርት ትርኢት የስፖርት ወንበሩን ካሳየ ወዲህ ጐልማሶች በዓለም ሁሉ እንዲህ ያለውን ቅርጽ ይመኛሉ፤ እኔም አልፈርድባቸውም። ወጣቱ የጠየቀው እነዚህን ወንበሮች በመኪናዪቱ ላይ እንዲያስሩለት ብቻ ነበር። ለአያ የግማሽ ቀን ሥራና መልካም ገንዘብ ነው።

አያ ግን ገንዘቡን አልተቀበሉም። መጀመሪያ በመኪናዪቱ ሥር ተኝተው ወለሉን በወስፌያቸው ወጋ ወጋ አደረጉት። ከዚያ ተነሥተው ልብሳቸውን እያራገፉ የተናገሩትን እኔ ወደ ዐረብኛ መለስሁት። የአዲሶቹ ወንበሮች ቡሎን የሚገባበት ቦታ ከመኪናዪቱ ቀዳዳ ጋር አይገጥምም፤ እንዲገጥም አዲስ ብረት በወለሉ ላይ መበየድ ያስፈልጋል፤ ወለሉ ደግሞ በዝገት ሳስቷል። በሳሳ ቆርቆሮ ላይ የተበየደ ወንበር መኪናው በድንገት ሲቆም ከነሰውዬው ተነቅሎ ይሄዳል። የጥንቱ አራት ቡሎኖች የታሰሩበት ስፍራ ግን ገና ጤነኛ ነው። ይህን የሰማ ወጣት ሌላ በያጅ እፈልጋለሁ ብሎ ተቈጣ።

«እነዚህ ክንፎች ምን ይሠራሉ?» ብለው አያ ጠየቁት።

«በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ሰውነትን ይይዛሉ» አለ ወጣቱ።

አያ እጃቸውን ዘርግተው ሜዳውን በዝምታ አሳዩት። ከቱነይድባ እስከ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍም እስከ ከሰላ አገሩ እንደ ሰደቃ ገበታ የተዘረጋ ነው። ነገሩን በጥቂት ቃል ልግለጠው፤ የወንበር ክንፍ የተፈጠረው ለመታጠፊያ ነው፤ መታጠፊያ በሌለበት ሜዳ ሥራው ሰውን ከመግባትና ከመውጣት መከልከል ብቻ ነው። ሐጃ ደግሞ በየሰዓቱ ሊወጡና ሊገቡ፣ ያውም በጭነት መኪና ወገን፣ የታመመ እግራቸውን በዚያ ክንፍ ላይ ማንሣት ሊኖርባቸው ነው። እንዲሞክሩ በተባሉ ጊዜ ሁለት ጊዜ ሞከሩና በሦስተኛው እምቢ አሉ።

ቀጥሎ የታሰበው፣ በመንገድ ዳር ተጋጭታ ከወደቀች ሀዩንዳይ የተነቀለ ወንበር ነበር። ይህ በእውነት መልካም ወንበር ነው፤ ጀርባው ይስተካከላል፤ ራስ መደገፊያም አለው። ብንለካው ግን ከመኪናዪቱ የቀድሞ ወንበር በአንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለ። ሐኪሙ ረጅም ሰው ስለ ሆኑ ራሳቸው ከጣሪያው፣ ጭናቸውም ከመሪው ጋር ተጋጨ። ስለዚህ እርሱም ተተወ።

በዚህ ቦታ ስለ አዲስ አበባ አንድ ቃል ብናገር ከነገሩ መውጣት አይሆንብኝም። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ የአባቱን ቮልስዋገን ወይም ፊያት የያዘ ሰው ደኅና አድርጎ ለማደስ ያስባል። በመርካቶ ሱማሌ ተራ በአሮጌ መለዋወጫ የታወቀ ሰፈር ነው፤ ወደዚያ ዓይነት ስፍራ ሄዶ ያማረ ወንበር አይቶ መጓጓት ቀላል ነው። ነገር ግን ከመግዛት በፊት የራሱን መኪና የቡሎን ቀዳዳ ርቀት፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ያለውንም ከፍታ በሜትር ለክቶ በወረቀት ጽፎ የሄደ ሰው ገንዘቡን ያተርፋል። የለካ ሰው ግን እምብዛም አላየሁም።

እንግዲህ የቀረው ምርጫ የጥንቱን ወንበር አፍርሶ እንደገና መሥራት ነበር። ይህን ያጸደቁት ሐኪሙ ናቸው፤ ምክንያቱንም በሕክምና ቋንቋ አስረዱኝ። በ1948 እ.ኤ.አ. ኦከርብሎም የተባሉት ስዊድናዊ ሐኪም ስለ አቋቋምና ስለ አቀማመጥ በጻፉት መጽሐፍ፣ የወንበር መደገፊያ ከሁሉ በፊት የታችኛውን ወገብ መደገፍ እንደሚገባው አሳይተዋል። በ1953 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኪገን የተባሉት አሜሪካዊ ሐኪም የሰውን ወገብ በራጅ እያነሡ መረመሩ። ሰው ጭኑን ከሆዱ ጋር በቀጥታ ማዕዘን አጥፎ ሲቀመጥ፣ ሲቆም የነበረው የወገብ ሥርጉድ ጠፍቶ ጀርባው ይጐብጣል፤ ማዕዘኑ ሲከፈት ግን ሥርጉዱ ይመለሳል። እንደ ጉድጓድ የሚውጥ ወንበር ዳሌን ወደ ታች፣ ጉልበትን ወደ ላይ ስለሚያደርግ ማዕዘኑን ይዘጋዋል። የሐጃም ሕመም የሚብሰው በዚህ አቀማመጥ ነበር።

አያ ስለ ራጅ አያውቁም፤ ነገር ግን ስተረጕምላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የአውቶቡስ ነጂዎች ሁሉ ለስላሳ ስፖንጅ ጨምርልን እያሉ ሠላሳ ዓመት ለምነዋቸዋል። «ለስላሳ ወንበር በመጀመሪያው ደቂቃ ያስደስታል፤ በሁለተኛው ሰዓት ያስለቅሳል» አሉኝ።

የወንበሩ ልብስ በተገፈፈ ጊዜ ምሥጢሩ ተገለጠ። በዚህ ዓይነት መኪና ወንበር ሥር ስፖንጁን የሚሸከመው ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ የላስቲክ መቀነት ነው። አያ ይህን አይተው ሳቁ፤ «ይህማ ዐራት ነው!» አሉ። ዐራት በትግርኛ አልጋ ማለት ነው። እውነትም የአገራችን የጠፍር አልጋና የሱዳኑ አንገረብ የቆሙት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ሰውን የሚያሳርፈው በላይ ያለው ፍራሽ ሳይሆን በታች ያለው ጠፍር ነው። አማርኛ የሚማሩ አንባቢዎች «ወጠረ» እና «ረገበ» የሚሉትን ሁለት ግሦች አብረው ቢይዟቸው መልካም ነው። ጠፍር ይወጠራል፣ ጠፍር ይረግባል፤ የወንበርም ጤንነት የሚለካው በእነዚህ ሁለት ቃላት ነው። እኔም በትምህርት ቤት የተማርኋቸው ከአልጋ ጋር አብረው ነበር።

የጥንቱ ላስቲክ እንደ ደረቀ እንጀራ ተሰባበረ። በምትኩ አያ የጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ ማለት የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ አራት ጣት በሚሆን ስፋት ቀደዱት። እያንዳንዱን መቀነት ከርዝመቱ አሥረኛ እጅ ያህል እስኪረዝም ድረስ ስበው አሰሩት። በሐጃ ወንበር የኋለኞቹን መቀነቶች ከፊተኞቹ ይልቅ አጠበቋቸው፤ ዳሌ እንዳይሰምጥ ነው። ከዚያ በላይ ከአሮጌ አውቶቡስ ወንበር የተገኘ ጠንካራ ስፖንጅ አነጠፉ፤ ለስላሳውን እጅግ ሳስቶ የመጨረሻ አደረጉት። ለታችኛው ወገብ ከቀበቶ በላይ ጥጥ የታጨቀበት ጥቅል ሰፉ። መቀመጫውንም ከወለሉ በአራት ጣት ከፍ አደረጉት፤ ሐጃ አጭር ሴት ስለ ሆኑ ጣሪያው አልነካቸውም። የሐኪሙ ወንበር ግን በቀድሞው ልክ ቀረ። እኔ ደግሞ በልጅነት ትምህርቴ ጉልበታቸውን በገመድ እየለካሁ አገዝሁ።

ክርክር የተነሣው በልብሱ ነው። ሐኪሙ ጥቁሩን የጥንት ቆዳ ሐምሳ ዓመት ሲወለውሉት ኖረዋል፤ እንዲመለስ ለመኑ። አያ ደግሞ በገዳሪፍ የሚያዝያ ፀሐይ፣ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ ሲያልፍ፣ ጥቁር ቆዳ ምጣድ ይሆናል ብለው ደሙር የተባለውን በእጅ የተሸመነ የሱዳን ጥጥ አመጡ። አንዱ ወንበር ከፍ ያለ፣ ሌላው ዝቅ ያለ፣ ሁለቱም እንደ ገበሬ ጋቢ የለበሱ ሊሆኑ ነው። ወጣቱ ፊቱን አዞረ። ሐኪሙ ምንም ሳይናገሩ ቆዳውን በመዳፋቸው ይደባብሱ ነበር፤ ካርቱም የቀረው ቤታቸው በዚያ ቆዳ ውስጥ ያለ ይመስል ነበር። ይህን ጊዜ ሐጃ ከተቀመጡበት ሆነው፣ «የምታመመው እኔ ነኝ ወይስ መኪናዪቱ?» አሉ። ሐኪሙ ቆዳውን አጥፈው በኋላው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት፤ ደሙሩም ተሰፋ።

ሥራው ቢያልቅም አያ ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ወንበር በመደብር አንድ ደቂቃ ተቀምጠው የሚመርጡ ሰዎች ያስቁዋቸዋል። ስለዚህ መኪናዪቱ በኒም ዛፍ ጥላ ሥር እንድትቆም፣ ሐጃም ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲቀመጡባት አዘዙ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ተሰብስበው የማትሄድ መኪና ተሳፋሪን ይመለከቱ ነበር። ሻይ ቀረበላቸው። የመጀመሪያው ሰዓት በጨዋታ አለፈ። ከሰዓት ተኩል በኋላ ሐጃ ዝም አሉ፤ ቀኝ እግራቸው ደንዝዞ ነበር። አያ እጃቸውን ከጉልበታቸው ጀርባ ባለው የመቀመጫ ጫፍ አስገብተው ቢፈትሹ ጣት አላስገባ አለ። ያንኑ ዕለት ማታ በፋኖስ ጫፉን ፈትተው ስፖንጁን በሁለት ጣት ቀነሱት፤ አፉንም ወደ ታች አጐበጡት። በማግሥቱ ሐጃ ሦስቱን ሰዓት ተቀመጡ። ሲወጡም የበሩን ጫፍ ብቻ ይዘው ያለ ረዳት ቆሙ። አያ የዚያን ጊዜ ገንዘባቸውን ተቀብለው ቈጠሩ።

በሳምንቱ ተነሡ። በየሰዓቱ እየቆሙ በሁለት ቀን ፖርት ሱዳን ገቡ፤ አንድ ሌሊት በከሰላ አደሩ። ሐኪሙ በስልክ እንደ ነገሩኝ የሐጃ ወገብ መንገዱን ችሎታል። አንገታቸውን ግን አመማቸው፤ የጥንቱ ወንበር ራስ መደገፊያ የለውምና። አያ ይህን ስነግራቸው በጣም አዘኑ። የሀዩንዳዩን ራስ መደገፊያ ለምን እንዳልወሰዱት እያሰቡ ለብዙ ቀን ወንበሩን በምድር ላይ በጭረት ይሥሉ ነበር፤ ለሚመጣው ሥራ ልኩን አዘጋጅተው ጨርሰዋል።

ሁለቱ ቀይና ጥቁር ወንበሮች በአያ ጥላ ሥር ቀርተው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሰፈሩ ጠጕር አስተካካይ አንደኛውን ገዝቶ በእንጨት እግር ላይ አቆመው። ክንፎቹ ትከሻን ስለሚይዙ ሕፃናት ሲላጩ እንደ ወትሮው መንፈራገጥ አልቻሉም፤ ወረፋውም ከዚያ በኋላ ፈጠነ። ሁለተኛው ወንበር ዋጋው ስንት እንደ ሆነ ሻይ የምትሸጠው ሴት እኔ በነበርሁበት ጊዜ ትጠይቅ ነበር።